ተሸንፈው የሚገቡት

ኖቬምበር 10 ቀን 2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሞሪሺየስ ጠቅላላ ምርጫ አካሄደች። በማግስቱ ድምፁ ተቆጥሮ ሲያልቅ በዋናው ደሴት ያሉትን 60 ወንበሮች በናቪን ራምጉላም የሚመራው ጥምረት አንድም ሳያስቀር ጠራርጎ ወሰዳቸው። ተሰናባቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ፕራቪንድ ጃግናት የራሳቸውን ወንበር እንኳ ማትረፍ አልቻሉም። ውጤቱ ይህን ያህል አላስደነቀኝም። ከምርጫው ቀደም ብሎ የተጠለፉ የስልክ ንግግሮች «ሚሲዬ ሙስታስ» በሚል ስም ኢንተርኔት ላይ ሲለቀቁ፣ መንግሥትም ደንግጦ ማኅበራዊ ሚዲያን ዘጋሁ ብሎ ወዲያው መልሶ ሲከፍት፣ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ያስታውቅ ነበር።

የከነከነኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በአዲሱ ምክር ቤት የተቃዋሚ መሪ ሆነው የተቀመጡት ጆ ሌስጆንጋር በምርጫ ክልላቸው ተሸንፈዋል። ድምፅ ተሰርቆባቸው በፍርድ ቤት አስመልሰው አይደለም የገቡት። በሞት የተለየ ተመራጭ ተክተውም አይደለም። ከተሸናፊዎች የተሻሉት ተሸናፊ ስለነበሩ ነው፤ ያውም የየትኛው ማኅበረሰብ አባል እንደሆኑ በዕጩነት ቅጻቸው ላይ ስለሞሉ። እዚያ አገር ይህ በሕገ መንግሥት የተጻፈ ሥርዓት ነው። «ቤስት ሉዘር» ይሉታል፤ ምርጥ ተሸናፊ እንበለው።

እኛ ስለ ብሔርና ስለ ምርጫ ስንከራከር ምሳሌ የምንጠራው ወይ ስዊዘርላንድን ነው፣ ወይ ቤልጅየምን፣ ወይ ሕንድን። ሕዝቧ 1.2 ሚሊዮን ገደማ የሆነችውን፣ በአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ላይ አጠገባችን የምትቀመጠውን ይህችን ደሴት የሚያነሳ ብዙ አላየሁም። እኔ ግን የማንነት ፖለቲካን በቁጥር አስልቶ፣ ስሌቱንም በአደባባይ አስቀምጦ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሠራበት ሌላ የአፍሪካ አገር አላውቅም። ስለዚህ ስሌቱን ከሥሩ ፈትሼ፣ ምኑ እንደሚሠራና ምኑ እንደተበላሸ የመሰለኝን ልጻፍ።

ሦስት ምልክት፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ

መጀመሪያ ድምፅ አሰጣጡን እንይ፤ ችግሩ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚያ ነው። ዋናው ደሴት በ20 የምርጫ ክልሎች ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ተመራጭ ይልካል። ወደ ምሥራቅ ርቃ የምትገኘው ሮድሪግስ 21ኛዋ ክልል ናት፤ ሁለት ትልካለች። በድምሩ 62።

መራጩ ወረቀቱን ሲቀበል የዕጩዎቹን ስምና የፓርቲያቸውን ምልክት ያያል። ቁልፉ የሌበር ፓርቲ ነው፣ ልቡ የኤም ኤም ኤም፣ ፀሐይዋ የኤም ኤስ ኤም፣ አውራ ዶሮው የፒ ኤም ኤስ ዲ። ሦስት ስም ላይ የ«X» ምልክት ማድረግ አለበት። ሁለት ብቻ ቢያደርግ ወረቀቱ ውድቅ ነው፤ አራት ቢያደርግም ውድቅ ነው። አንዱን ዕጩ ብቻ እወዳለሁ፣ ሌሎቹን አላውቃቸውም ማለት አይቻልም፤ ሁለት ሌላ ሰው ፈልጎ መጨመር ግድ ነው።

እንግዲህ መራጩ ሦስተኛውን ከየት ያምጣ? ፓርቲው መልሱን አዘጋጅቶለታል። የቅስቀሳው ዋና መፈክር «ትሩዋ ዜሮ» ነው፤ ሦስት ለባዶ። ሦስቱንም የእኛን ሰዎች ምረጥ፣ አትከፋፍል ማለት ነው። ከየፓርቲው አንዳንድ ሰው መርጦ መቀላቀል በደሴቲቱ የመግባቢያ ቋንቋ በክሪዮል «ኩፔ ትራንሴ» ይባላል፤ የፓርቲ አደራጆች እንደ ክህደት ነው የሚያዩት። ደጋፊው መፈክሩን ከሰማ፣ በአንድ ክልል 45 በመቶ ያገኘ ፓርቲ 40 በመቶ ያገኘውን የሚበልጠው በአንድ ወንበር አይደለም። ሦስቱንም ይወስዳል፣ ያኛው ባዶውን ይቀራል። ይህ በ20 ክልል ሲባዛ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በ1982 60 ለ0 ሆነ። በ1995 60 ለ0። በ2024 ደግሞ ሦስተኛው። በዚህ በመጨረሻው ተሸናፊው ጥምረት 27 በመቶ ገደማ ድምፅ ነበረው፤ ከአራት መራጭ አንዱ ማለት ነው። በዋናው ደሴት በድምፅ ያገኘው ወንበር ግን አልነበረም። በተቃራኒው በ2019 የጃግናት ጥምረት 38 በመቶ እንኳ ባልሞላ ድምፅ ከ62ቱ 38ቱን ወንበር አገኘ። ድምፁ በሦስት ጎራ ስለተከፈለ ከመራጩ አብዛኛው ያልፈለገው መንግሥት በምቾት ገዛ።

የክልሎቹም ስፋት እኩል አይደለም። በፖርት ሉዊስ ያለው ቁጥር 3 ክልል ከ20 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ መራጭ ሲኖረው፣ በደቡብ ምዕራብ ያለው ቁጥር 14 60 ሺህ ገደማ አለው። ሁለቱም ሦስት ሦስት ሰው ነው የሚልኩት። ቁጥር 3 ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩበት ስለሆነ ማንም ሊነካው አይደፍርም፤ የድንበር ኮሚሽኑ በየአሥር ዓመቱ ካርታውን ሲያይ እሱን እንደነበረ ይተወዋል።

ስምንቱ ወንበሮች

አሁን ወደ 1966 እንመለስ። ነጻነት ቀርቧል። ሂንዱዎች ከሕዝቡ ግማሽ ያህል ናቸው። የሌላው ግማሽ ፍርሃት ግልጽ ነበር፤ እንግሊዝ ስትወጣ ሁሉም ነገር በአንድ ማኅበረሰብ እጅ ይወድቃል የሚል ነው። ፍርሃቱ ተራ ወሬ አልነበረም። በ1967ቱ ምርጫ 44 በመቶ ያህሉ መራጭ ነጻነትን ከሚቃወመው ወገን ጋር ቆመ። ነጻነቱ ማርች 12 ቀን 1968 ሊታወጅ ሁለት ወር ሲቀረው በፖርት ሉዊስ በሙስሊሞችና በክሪዮሎች (በባርነት ከመጡ አፍሪካውያን በሚወለዱት) መካከል ደም ፈሰሰ፤ ለማብረድ የእንግሊዝ ወታደር መጣ።

ሰር ሃሮልድ ባንዌል የመሩት ኮሚሽን ለዚህ ፍርሃት አንድ የማስተካከያ ቀመር አቀረበ፤ የሌበር ፓርቲ አልቀበልም አለ። ያኔ ከለንደን ጆን ስቶንሃውስ የሚባሉ ምክትል ሚኒስትር ተልከው መጡና ሁሉንም ወገን አስማሙ። (እኚህ ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ ማያሚ ባሕር ዳርቻ ልብሳቸውን ትተው የሞቱ መስለው የተሰወሩት ናቸው። የአገርን ሕገ መንግሥት ምን ዓይነት ሰው እንደሚያዋልደው አይታወቅም።) ስምምነቱ 62ቱ እንደተመረጡ ይቆዩ፣ በላያቸው ላይ እስከ ስምንት ወንበር ይጨመር፣ ስምንቱም ከተሸናፊዎች ይሞላ የሚል ነበር።

ለዚህ ሲባል ዕጩ ሁሉ በምዝገባ ቀን ከአራት ሣጥን አንዱን ይመርጣል፦ ሂንዱ፣ ሙስሊም፣ ሲኖ-ሞሪሺያን (የቻይና ዝርያ ያለው)፣ ጄኔራል ፖፑላሽን። አራተኛው የተረፈ ሁሉ የሚገባበት ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚለው፣ በአኗኗሩ ከሦስቱ የአንዱ መሆኑ የማይታይ ሰው ሁሉ የጄኔራል ፖፑላሽን አባል ነው። ስለዚህ የሸንኮራ እርሻው ባለቤት የፈረንሳይ ዘርና በዚያው እርሻ በባርነት የተገዙት ሰዎች የልጅ ልጅ አንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ሂንዱ የሚለውም ታሚሉን፣ ቴሉጉውን፣ ማራቲውን በአንድ ጠቅልሎ ነው። አንድ መራጭ «ይህ ዕጩ የሞላው ሣጥን የእሱ አይደለም» ብሎ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ዳኛው የሰውዬውን አኗኗር መርምሮ ይወስናል። ምኑን ነው የሚመረምረው? ስሙን? ሠርጉን? እሑድ የት እንደሚውል?

ስሌቱን የሚሠራው የምርጫ ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ ነው፤ ቆጠራው ባለቀ ማግስት። በጣም የገረመኝ ቀላልነቱ ነው፤ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይበቃል። የእያንዳንዱ ማኅበረሰብ የሕዝብ ብዛት ይወሰድና ለያዘው ወንበር ሲደመር አንድ ይካፈላል። ትልቁ ድርሻ የደረሰው ማኅበረሰብ ከሌሎቹ ይልቅ ውክልና ጎድሎታል ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን ወንበር ያገኛል። ከዚያ የእሱ ወንበር በአንድ ከፍ ብሎ ስሌቱ እንደገና ይሠራል።

በምሳሌ ላሳይ፤ የወንበሮቹን ቁጥር እኔ የፈጠርኩት ነው። የሕዝቡን ቁጥር በ1972ቱ ቆጠራ መሠረት በሺህ አጠጋግቼ ልውሰድ፦ ሂንዱ 428 ሺህ፣ ጄኔራል ፖፑላሽን 261 ሺህ፣ ሙስሊም 137 ሺህ፣ ሲኖ-ሞሪሺያን 24 ሺህ። ከ62ቱ ተመራጮች 37 ሂንዱ፣ 16 ጄኔራል ፖፑላሽን፣ 8 ሙስሊም፣ 1 ሲኖ-ሞሪሺያን ናቸው እንበል። 428 ሺህ ለ38 ሲካፈል 11,263። 261 ሺህ ለ17 ሲካፈል 15,353። 137 ሺህ ለ9 ሲካፈል 15,222። 24 ሺህ ለ2 ሲካፈል 12,000። የመጀመሪያው ወንበር ለጄኔራል ፖፑላሽን ሄደ። አሁን የእሱ አካፋይ 18 ሆነና ድርሻው ወደ 14,500 ወረደ፤ ሙስሊሙ በ15,222 በለጠና ሁለተኛውን ወሰደ። ሙስሊሙ በተራው ወደ 13,700 ወረደ፤ ሦስተኛው በ14,500 ለጄኔራል ፖፑላሽን። አራተኛው ላይ ስንደርስ 261 ሺህ ለ19 ሲካፈል 13,737 ነው፤ ሙስሊሙ 13,700 ላይ ቆሟል። በ37 ነጥብ ልዩነት ወንበሩ ለጄኔራል ፖፑላሽን። ሦስት ለአንድ አለቀ።

እዚህ ላይ ነው ቆም ብዬ ያሰብኩት። በዚህ ምሳሌ ከ261 ሺው 710 ሰው ብቻ ቢጎድል አራተኛው ወንበር ይገለበጥ ነበር፤ ሁለት ለሁለት። 710 ሰው የአንድ መንደር ሕዝብ ነው። አንድ ቆጣሪ በ1972 የአንዱን መንደር ቅጽ በሌላ ሣጥን ቢሞላ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምክር ቤት የሚገባው ሰው ሌላ ይሆናል።

ወንበሩ የየትኛው ማኅበረሰብ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ የሚፈለገው ሰውዬው ነው። ከዚያ ማኅበረሰብ ከተሸነፉት ዕጩዎች በክልሉ ከፍተኛ መቶኛ ያገኘው ይገባል፤ ፓርቲው የትኛውም ይሁን። በፓርቲ ስም ያልተወዳደረ የግል ዕጩ ግን አይታሰብም፤ 40 በመቶ ቢያገኝ እንኳ።

አራቱ ወንበሮች በማኅበረሰብ ብቻ ሲታደሉ የፓርቲዎቹ ሚዛን ሊናጋ ስለሚችል የቀሩት አራቱ ለማካካሻ ተቀምጠዋል። ከመጀመሪያዎቹ አራት ስንቱ ከአሸናፊው ፓርቲ ውጭ እንደሄደ ይቆጠራል፤ በዚያው ልክ ለአሸናፊው ፓርቲ ተሸናፊዎች ይሰጣል። በ2019 ስምንቱ ሲከፈሉ አራት ለመንግሥት፣ አራት ለተቃዋሚዎች የሆነው ለዚህ ነው። አሸናፊው የሚያገኘው ማካካሻ ግን የተሸነፈ ሰው ካለው ነው። 60 ለ0 ያሸነፈ ጥምረት በዋናው ደሴት አንድም የተሸነፈ ዕጩ የለውም፤ ስለዚህ በ2024 ስሌቱ አራት ላይ ቆመ፣ ምክር ቤቱም በ66 ሰው ተከፈተ።

ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ ለሮድሪግስ ሄዱ። ምክንያቱ መቶኛው ነው። በዋናው ደሴት ጎርፉ ሁሉን ጠርጎ ተሸናፊው በዝቅተኛ ድምፅ ሲወድቅ፣ በሮድሪግስ ሁለቱ ፓርቲዎች ጎን ለጎን ስለሚሮጡ ተሸናፊው ብዙ ድምፅ ይዞ ነው የሚሸነፈው። በሮድሪግስ ያሸነፉት ሁለቱም ገቡ፤ ከተሸነፉትም ሁለት ገቡ። በ1995ም እንዲሁ ሆኗል።

በ1972 የቆሙ ሰዎች

ስሌቱ የሚያርፈው በ1972 ቆጠራ ላይ ነው አልኩ። ለምን ከዚያ ወዲህ ባለው አልሆነም? ከዚያ ወዲህ ማኅበረሰብን የሚጠይቅ ቆጠራ ስላልተካሄደ ነው። በ1982 በ60 ለ0 የገባው መንግሥት ጥያቄውን ከሕዝብ ቆጠራው አወጣ። ሰውን በሣጥን መቁጠር አገርን ይከፋፍላል የሚል ነበር ሐሳቡ፤ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን ሣጥኑን ከቆጠራው ሲያወጡ ከምርጫ ሕጉ አላወጡትም። ሕገ መንግሥቱን አሻሽለው የ1972ቱ ቁጥር ለዘለቄታው እንዲሠራ አደረጉ። ስለዚህ ዛሬ ወጣት ዕጩ ወንበር የሚያገኘው ወይም የሚያጣው ወላጆቹ ልጆች ሳሉ በተሞላ ቅጽ ነው።

ይህን ነገር ፍርድ ቤት ያመጡት «ሬዚስታንስ ኤክ አልተርናቲቭ» የሚባሉ የግራ ፖለቲከኞች ናቸው። በ2005 ሣጥኑን አንሞላም ብለው ቀረቡ። ዳኛ ኤዲ ባላንሲ ፈረዱላቸው፤ በዚያው ዓመት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሙሉ ችሎት ተቃራኒ ውሳኔ ሰጠ። በ2010 ባለመሙላታቸው ብቻ ከመቶ በላይ ዕጩዎች ወረቀታቸው ተመለሰ። ሌላ የግራ ፓርቲ በበኩሉ ለዕጩዎቹ ማኅበረሰባቸውን በዕጣ አወጣላቸው፤ ሕጉን ሳይጥሱ መቀለድ ይሉታል ይህ ነው። በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ለከሳሾቹ አደላ። የኮሚቴውን ምክንያት ልብ በሉ፤ ማኅበረሰብን መጠየቅ በራሱ ወንጀል ነው አላለም። ያለው፣ የቅርብ ቁጥር ሳይኖር ዕጩን አስገድዶ መመደብ ዘፈቀደ ነው ነው። በግልጽ አማርኛ፦ ወይ ቁጠሩ ወይ ተዉት።

መንግሥት ለ2014ቱ ምርጫ ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ ሕግ አወጣ፤ መሙላት የማይፈልግ እንዳይሞላ ፈቀደ። በ2019 ሕጉ አብቅቶለት ግዴታው ተመለሰ።

የእኛም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። ሕገ መንግሥታችን ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረግ ይላል፤ የመጨረሻው የተደረገው በ2007 ነው፣ አራተኛው በ2019 ተላለፈ። በጀትም፣ የምርጫ ክልልም፣ የውክልና ክርክርም ያን አሮጌ ቁጥር እየጠራ ነው የሚሄደው። ቁጥር ሲያረጅ ዝም ብሎ አይሞትም፤ የተጠቀመበት ሰው ሁሉ ጠበቃ ይቆምለታል። ልዩነቱ፣ ሞሪሺየስ አንቆጥርም ብላ ወስና ነው ያቆመችው፤ እኛ እንቆጥራለን እያልን።

መጣፊያውና ቀዳዳው

እንግዲህ የራሴን ልበል። ሥርዓቱን የሚጠሉ ሰዎች ክርክር ጠንካራ ነው፤ ሰውን በዘሩና በሃይማኖቱ መዝግቦ ወንበር የሚሰጥ ሕግ ዜጋ አያፈራም ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ባዮች ናቸው፤ ፍርሃት ካለ በግልጽ ይጻፍ፣ በግልጽ ይካስ ይላሉ። የሁለቱም ዓይን ስምንቱ ወንበሮች ላይ ነው። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው 60ዎቹ ላይ ነው።

የ1995ን ውጤት ተመልከቱ። ጠቅላይ ሚኒስትር አኔሩድ ጃግናት ተሸነፉ፤ ፓርቲያቸው ከድምፁ አንድ አምስተኛ ያህል አግኝቶ አንድም ወንበር አላገኘም። በምርጥ ተሸናፊ መንገድ የገባው ማን ነው? ከሮድሪግስ ሁለት፣ ከጋኤታን ዱቫል ፓርቲ አንድ፣ ሂዝቡላህ ከሚባል ከድምፁ ጥቂት ብቻ ካገኘ ፓርቲ አንድ። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን ማኅበረሰብ ፈልጎ አመጣ። ስለ ድምፅ ማንም አልጠየቀውም። አምስተኛው መራጭ በፓርቲው ተወካይ ሳይኖረው ቀረ፣ የማኅበረሰቡ ሰው ግን አለልህ ተባለ። ምርጥ ተሸናፊ በሦስት ለባዶው ቀዳዳ ላይ የተለጠፈ መጣፊያ ነው፤ ልኩ የተወሰደው ግን ከሌላ ልብስ ነው።

ሌላው ሰዎች የሚረሱት፣ ትልቁ የማኅበረሰብ ሒሳብ በኮሚሽኑ ቢሮ የሚሠራ አለመሆኑ ነው። በፓርቲ ጽሕፈት ቤት፣ ዕጩ ሲመደብ ነው የሚሠራው። ቁጥር 3 ላይ ሙስሊም ዕጩዎች፣ በከተሞቹ ክልል ከሦስቱ አንዱ ክሪዮል፣ በገጠር ከቁጥር 5 ጀምሮ ባሉት ሂንዱ፤ በሂንዱዎቹም መካከል ካስቱ (በትውልድ የሚወረሰው የማኅበራዊ ደረጃ) ሳይቀር ይመዘናል። ሕጉ ስለ ካስት አንድ ቃል አልጻፈም፤ ፓርቲዎቹ ግን ያውቁታል። ከነጻነት ጀምሮ ሂንዱ ያልሆነ አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው የታየው፤ ፖል ቤሬንዤ፣ ከ2003 እስከ 2005። እሳቸውም በምርጫ ዘመኑ መካከል ሥልጣን የተረከቡት ከምርጫው በፊት በተደረገ የመፈራረቅ ስምምነት ነው። ሣጥኑን ከቅጹ ላይ ብትፍቀው ይህ ሁሉ ይቆማል? አይመስለኝም። የሚታየው ሒሳብ ይጠፋል፣ የማይታየው ይቀጥላል።

ለዚህ ነው «ሣጥኑ አሁኑኑ ይጥፋ» የሚለውን ጥሪ የምፈራው። በ2024 ሣጥኑ ባይኖር ኖሮ በዋናው ደሴት ላይ ተቃዋሚ የሚባል ሰው ምክር ቤት ውስጥ አይኖርም ነበር፤ ለተቃዋሚ መሪነትም ከዋናው ደሴት የሚቀመጥ ሰው አይገኝም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው የሚሆነው።

ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ግን ይሠራል ባይ ነኝ። በ2001 መጨረሻና በ2002 የደቡብ አፍሪካው ዳኛ አልቢ ሳክስ የመሩት ኮሚሽን አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ 62ቱን ሳትነኩ 30 ወንበር ጨምሩ፣ ቢያንስ 10 በመቶ ድምፅ ላገኙ ፓርቲዎች የጎደላቸውን ለማካካስ በተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም በድምፃቸው ልክ፣ አከፋፍሉ የሚል። በእኔ ግምት በዚያ መንገድ በ2024 ተሸናፊው ጥምረት በሁለት ሰው ፈንታ ከሃያ በላይ ይዞ ይገባ ነበር፤ መንግሥቱም ሰፊ አብላጫውን እንደያዘ። 27 በመቶ መራጭ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ሰው ስላለ፣ ዝርዝሩን የሚያወጣው ፓርቲም ድምፅ ፈልጎ ሁሉንም ማኅበረሰብ ማካተቱ አይቀርም። ፍርሃቱ የሚካሰው ከዚያ ነው። አንድ ሁለት ምርጫ በዚህ ከተካሄደ በኋላ ሣጥኑን ማንሳት ቀላል ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ሰው አይኖርማ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ጊ ካርካሶን የተባሉት የፈረንሳይ ሕግ ምሁር የመሩት ቡድንም ወደ ተመጣጣኝ ውክልናው ነው ያመራው። ሪፖርት ሞልቷል፤ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው።

የጎደለው ምንድነው ቢባል ድምፅ ነው። ይህን የሕገ መንግሥት ክፍል ለመለወጥ ከሁሉም አባላት ሦስት አራተኛው ያስፈልጋል፤ በ2018 መጨረሻ የቀረበው ረቂቅ ይህን ማግኘት አቅቶት ሳይጸድቅ ቀረ። ከ66ቱ 60 ይዞ የገባው የ2024ቱ ጥምረት ቁጥሩ ነበረው፤ ከአባላቱም መካከል ሣጥኑን በፍርድ ቤት የተሟገቱት የሬዚስታንስ ሰዎች አሉበት። ሆኖም 60 ለ0 ያስገባውን ሥርዓት በገዛ እጁ የሚያፈርስ ጥምረት ገና አላየሁም። በ1982ም ቁጥሩ ነበር፣ በ1995ም ነበር።

ረቂቅ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማየው የወንበሩን ብዛት አይደለም፤ ስም የሚመርጠው ማን እንደሆነ ነው። የ2018ቱ ረቂቅ በምርጥ ተሸናፊ ፈንታ ጥቂት ተጨማሪ ወንበሮችን የፓርቲ መሪዎች ከምርጫ በኋላ እንዲሰይሙባቸው ያደርግ ነበር። ሣጥኑ ከቅጹ ጠፋ፣ መሪው ግን ከሽንፈት በኋላ ቁጭ ብሎ «አንድ ሙስሊም ጎድሎናል፣ አንድ ክሪዮል ጎድሎናል» እያለ የሚወደውን ሰው ያስገባል። የፓርቲው ዝርዝር ከምርጫው ቀን በፊት በቅደም ተከተሉ ታትሞ ካልወጣ፣ መሪውም ቅደም ተከተሉን በኋላ መቀየር የማይችልበት አንቀጽ ከሌለ፣ እኔ የ1972ቱን ስሌት እመርጣለሁ። አርጅቷል፣ ያዳላል፣ ግን ማንም ዜጋ እርሳስ ይዞ ተቀምጦ ኮሚሽኑ ልክ መሆኑን ማረጋገጥ ይችላል።